እማዬ ሽሮዬ ውስጥ ቋንጣ ደበቀችብኝ

የአንባቢዋ ደብዳቤ

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

16 ዓመቴ ነው። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ካለፈው ፋሲካ ጀምሮ ሥጋ አልበላም። አባዬ በጉን ከበዓሉ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ነበር የገዛው። ሣርና የጎመን ቅጠል የማበላው እኔ ነበርኩ። ሲታረድ ድምፁን ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ሥጋ አፌ አልገባም። እንቁላልና ወተት ግን እወስዳለሁ።

እማዬ መጀመሪያ “ያልፍላታል” ብላ ዝም አለች። ቆይታ “ማነው ያሳሳተሽ? ሃይማኖትሽን ልትቀይሪ ነው?” ማለት ጀመረች። ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ደም ማነስ አለባት ተብዬ የብረት ኪኒን ወስጄ ነበር፤ እሱንም እያነሳች ትቆጣኛለች። መስከረም ላይ ሽሮ ስበላ ጥርሴ ላይ ጠንከር ያለ ነገር አገኘሁ። ቋንጣ ነው! አድቅቃ ጨምራበት ኖሯል። አልቅሼ “እናንተ የምትበሉት ሬሳ ነው” አልኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክፍሌ ገብቼ ብቻዬን ነው የምበላው። ትምህርት ቤት ደግሞ ምሳዬ ብዙ ጊዜ ዳቦ በሻይ ነው፣ አንዳንዴም ቺፕስ።

አሁን ጾም ስለሆነ ቤታችን ሰላም ነው። ገና ግን ደረሰ። ዘመድ ሁሉ የሚሰበሰበው እኛ ቤት ነው። ምን ላድርግ?

መልስ

የኔ ልጅ፣

በቋንጣው ልጀምር። ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁሉም በላይ የከበደኝ እሱ ነው። ሰው አልበላም ያለውን ነገር ደብቆ ማብላት ልክ አይደለም። እናትም ብትሆን፣ ከፍቅር የመጣም ቢሆን ልክ አይደለም። ልጅ የእናቱን እጅ ሳይጠራጠር ነው የሚበላው። እሱ ነው የተነካብሽ። ማልቀስሽ አይገርመኝም፤ በዚህ ነገር ካንቺ ጋር ነኝ።

“ሬሳ” ላልሻት ግን ይቅርታ መጠየቅ አለብሽ። ዛሬ ነገ ሳትዪ። እናትሽ ዕድሜዋን ሙሉ ለልጆቿ፣ ለእንግዳዋና ለበዓሏ የምታቀርበውን ማዕድ ነው በአንድ ቃል ያረከስሽባት። ይቅርታ መጠየቅ ሥጋ እበላለሁ ማለት አይደለም። “እማዬ፣ ያን ቃል መናገር አልነበረብኝም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ” በያት፤ በቃ። “ግን አንቺም እኮ…” ብለሽ አትቀጥዪበት። የቋንጣውን ነገር ሌላ ቀን፣ ሁለታችሁም ስትረጋጉ ታነሺዋለሽ።

“አሁን ጾም ስለሆነ ቤታችን ሰላም ነው” ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ከገባ ወዲህ አንቺ የምትበዪውን ቤቱ ሁሉ እየበላው ነው። እናትሽ አንዴም “ሥጋ ካልበላሽ ትሞቺያለሽ” አላለችሽም። ራሷም ሥጋ አልቀመሰችም። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን፣ ፍልሰታን ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ይህን የነቢያትን፣ ረቡዕና ዓርቡን ደምሪው። አጽዋማቱን የሚጠብቅ ምእመን ከዓመቱ ወደ 180 ቀን ገደማ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ሳይነካ ያልፋል። ሌላ አገር ልጅዋ ቬጀቴሪያን የሆነችባት እናት ምን እንደምታበስል ጨንቋት ከባዶ ትጀምራለች። ያንቺ እናት ግን ምስር ወጡን፣ ክክ አልጫውን፣ ሱፍ ፍትፍቱን፣ ስልጆውን፣ አዚፋውን ዓይኗን ጨፍና ትሠራዋለች። የእናትሽ እጅ ላይ ያለው ሙያ ላንቺ ትልቅ ሀብት ነው። ይህን ነግረሻት ታውቂያለሽ?

እንግዲህ እናትሽ ሽሮና ጎመን አያስፈሯትም። ታዲያ ምኑ ነው የሚያስፈራት? እኔ እንደሚመስለኝ ከሥጋው ይልቅ ያስከፋት አንቺ ከማዕዱ መነሳትሽ ነው። እኛ አገር አብሮ አለመብላት ትልቅ ነገር ነው። የተጣላ ሰው ነው አብሮ የማይበላው። አንቺ ሳህንሽን ይዘሽ ክፍልሽ ስትገቢ እሷ የምታየው “ሥጋ አልወድም” የምትል ልጅ አይደለችም። የተለየቻትን ልጅ ነው የምታየው። “ሃይማኖትሽን ልትቀይሪ ነው?” ያለችሽም ለዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ከክፍልሽ ውጪና ከነሱ ጋር ብዪ። ገናን አትጠብቂ። አሁን ሁሉም የሚበላው አንድ ስለሆነ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አታገኚም። ስለ ሥጋ ምንም አታንሺ። እጅሽን ታጠቢና ቁጭ በይ፣ ብዪ፣ አጉርሻት።

አሁን ወደ ደም ማነሱ ልምጣ። ደብዳቤሽ ላይ በአንድ መስመር ነው ያለፍሽው። ለእናትሽ ግን ሙሉ ጉዳዩ እሱ ይመስለኛል። ገርጥተሽ፣ ደክመሽ፣ ኪኒን ስትውጪ ያየች እናት ናት። ሐኪም “ልጅሽ ደም አንሷታል” ብሏታል። ከዚያ ልጅቱ ተነስታ “ሥጋ በቃኝ” ስትል ብትደነግጥ አይፈረድባትም። ይሄ አጉል ልማድ ወይም ጭፍንነት አይደለም። በደንብ ልትመልሺው የሚገባ ጥያቄ ነው።

እውነቱ እንዲህ ነው። ባንቺ ዕድሜ ያለች ልጅ ሰውነቷ እያደገ ነው፣ በየወሩም ደም ይፈሳታል። ከ14 እስከ 18 ዓመት ላሉ ሴቶች በቀን 15 ሚሊ ግራም ብረት እንዲያገኙ ይመከራል፤ ለእኩዮቻቸው ወንዶች 11 ነው። ከሥጋ የሚገኘውን ብረት ሰውነት በቀላሉ ይወስደዋል። ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ግን እንደዚያ አይወስደውም፣ ስለዚህ መጠኑ ጨመር ማለት አለበት። “ጤፍ ብረት አለው፣ ይበቃኛል” የሚሉሽን ሙሉ በሙሉ አትመኚ። ጤፍ ጥሩ ብረት አለው፤ ነገር ግን ከሚለካው ላይ የተወሰነው አውድማ ላይ ከአፈር ጋር ሲወቃ የሚቀላቀል ስለሆነ ሰውነት ያን ያህል አይጠቀምበትም። ሊጡ መቦካቱ ግን ይጠቅማል፤ ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ነገር ይቀንሰዋል።

ምስርን አጥብቀሽ ያዢ። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር ከ6 ሚሊ ግራም በላይ ብረትና 18 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ባንቺ ዕድሜ በቀን የሚያስፈልገው ፕሮቲን 46 ግራም ገደማ ነው። ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ሽሮ ሲጨመሩበት ፕሮቲኑ ብዙ አያሳስብሽም። ጎመኑ ላይ ሎሚ ጨምቂበት፣ ከምስሩ ጋር ጥሬ ቃሪያ ወይም ቲማቲም ብዪ፤ ቫይታሚን ሲው ብረቱን ወደ ሰውነትሽ ያስገባልሻል። ሻይና ቡና ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራሉ። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከተጠጡ ብረቱን ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋሉ። ስለዚህ ቤት ቡና ሲፈላ ምሳ ከተበላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተሽ ጠጪ። ትምህርት ቤት የምትበዪው ዳቦ በሻይ ግን ፈጽሞ አልተመቸኝም። ቺፕሱም እንዲሁ። ሥጋ ትቶ በዳቦ በሻይ የሚውል ሰው እናቱ “ታመመብኝ” ብትል እውነቷን ነው። ከነገ ጀምሮ ምሳ ዕቃ ያዢ። ምስር ወጥ በእንጀራ ጠቅልለሽ ብትሄጂ፣ ከጎኑ ብርቱካን ብታደርጊበት ማንም አይስቅብሽም። ቢስቅም ምሳሽን በልተሻል።

አንድ ነገር ግን ከእህል ፈጽሞ አይገኝም፤ ቫይታሚን ቢ12 ይባላል። ለደምና ለነርቭ የግድ ያስፈልጋል። የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። እንቁላልና ወተት አለመተውሽ ትልቅ ነገር ነው። ላንቺ በቀን 2.4 ማይክሮ ግራም ያስፈልጋል፤ ሁለት ብርጭቆ ወተት ይህን ሊሞላ ይቃረባል፣ አንድ እንቁላል ደግሞ ግማሽ ማይክሮ ግራም ገደማ ይጨምራል። ችግሩ ጾም ላይ ነው። አንቺ ሥጋውን በፍስኩም ትተሻል፣ በጾም ደግሞ ወተትና እንቁላሉም ይቀራሉ። ሌላው ቤተሰብ በዓል ሲደርስ የጎደለውን በሥጋው ይተካል፣ አንቺ ግን አትተኪም። ስለዚህ የቢ12 ኪኒን ያስፈልገኛል ወይ ብለሽ ሐኪም ጠይቂ፤ በተለይ ከዐቢይ ጾም በፊት።

ይህን ሁሉ ለእናትሽ በቃል ብትደረድሪላት አታምንሽም። እኔም ብሆን አላምንሽም። ከእሷ ጋር ጤና ጣቢያ ሂዱና ደምሽን ተመርመሪ። አብራሽ እንድትሄድ ጠይቂያት፣ ብቻሽን ሄደሽ ወረቀት አታምጪላት። ሄሞግሎቢን የሚባለውን ያዩልሻል። ነፍሰ ጡር ያልሆነች ባንቺ ዕድሜ ያለች ሴት በዴሲ ሊትር ከ12 ግራም በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ቁጥሩን ለዚያ እያስተካከሉ ነው የሚያነቡት፣ ስለዚህ ወረቀቱን ራስሽ አትተርጉሚው። ደህና ከሆነ እናትሽ በጆሮዋ ትሰማዋለች። ዝቅ ካለ ደግሞ የታዘዘልሽን ትወስጃለሽ፣ አመጋገብሽንም ሐኪሙ እንዳለሽ ታስተካክያለሽ። ይህን ከመሄዳችሁ በፊት ቃል ግቢላት። ከዚያ በኋላ ክርክራችሁ በደንብ ይቀዘቅዛል ብዬ አስባለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ለራስሽ ብቻ መልሺ። ሥጋ የተውሽው በጉ አሳዝኖሽ ነው ብለሻል፣ አምኜሻለሁ። ግን ከውስጥ “ልክሳ” የሚል ሐሳብ ካለበት፣ ሥጋውን ተከትሎ ቁርሱም እራቱም እየቀረ ከሆነ፣ የሚያዞርሽ ከሆነ፣ የወር አበባሽ ከተቋረጠ፣ ጉዳዩ ሌላ ነው። ያኔ ሥጋ ልብላ አልብላ የሚለውን ትተሽ ለእናትሽ ወይም ለምታምኚው ትልቅ ሰው ንገሪ፣ ሐኪም ያየሽ።

ስለ ሃይማኖቱ ብዙ አልልም። ከበዓለ ልደት በኋላ ሥጋ መብላት የተፈቀደ ነው እንጂ የታዘዘ አይደለም። መነኮሳት ሥጋ ትተው እንደሚኖሩ እናትሽ ከኔ የበለጠ ታውቃለች። ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1 ላይ ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች የንጉሡን መብል ትተው ጥራጥሬና ውሃ ለአሥር ቀን እንዲሰጣቸው ጠይቀው ነበር፤ ፊታቸው አምሮ ተገኘ። ቤተ ክርስቲያን የማትቀበለው “ሥጋ ርኩስ ነው” ማለትን ነው። ጳውሎስም በሮሜ 14 የሚበላው የማይበላውን እንዳይንቅ፣ የማይበላውም በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ ነው የጻፈው። እናትሽንም አንቺንም ይመለከታል። አሁንም ከከበዳት የንስሐ አባታችሁን ቤት ጥሩና ሁለታችሁም ባላችሁበት ትጠይቃቸው። ገና ጠዋት ደግሞ ወተቱንም እንቁላሉንም ከሁሉም ጋር ፈስኪ። በዓሉን እንዳልናቅሽ በዓይኗ ትየው።

የገናን ቀን እንዴት ታሳልፊው? ዋዜማውን ኩሽና ግቢ። ብዙ ልጆች የሚያስቡት በዓሉ ቀን ምን ብዬ እምቢ ልበል የሚለውን ነው። ያንቺ ሥራ ግን የሚጀምረው ማታውኑ ሽንኩርቱ ላይ ነው። ለዶሮ ወጥ የሚገባውን ሽንኩርት ታውቂዋለሽ፤ ዓይን ያጠፋል፣ ወገብ ይቆርጣል። “እማዬ፣ ዘንድሮ ሽንኩርቱ የኔ ነው” በያት። ላጪው፣ ክተፊው፣ ከሷ ጋር አቁላዪው። በርበሬው ገብቶ ቁሌቱ በደንብ ሲበስልና ቅቤው ሲገባበት፣ ዶሮው ከመጨመሩ በፊት፣ “ለኔ ሁለት ሦስት ጭልፋ ቀንሺልኝ” በያት። ትንሽ ድስት አዘጋጂ። ከተቀቀለው እንቁላል ሁለቱን ልጠሽ፣ ዙሪያውን በቢላ ጫር ጫር አድርገሽ እዚያ ጨምሪ። መከለሻውን እሷ ትጨምርልሽ። ያው የእናትሽ ዶሮ ወጥ ነው፤ ሥጋው ነው የሌለበት። በዚያ ላይ አይብና ጎመን ይኖራል። ማንም ሳህንሽን አይቶ “ይህች ልጅ ምን ሆና ነው?” አይልም።

አንዳንድ ቤት የዶሮው 12 ብልት ለማን ለማን እንደሚደርስ አስቀድሞ የታወቀ ነው። እናንተም ቤት እንደዚያ ከሆነ ያንቺን ድርሻ ለማን እንደምትሰጪ ራስሽ ምረጪ፤ ለታናሽሽ፣ ለአያትሽ፣ ለእንግዳ። “አልፈልግም” ብለሽ ከምትገፊው ይልቅ “ይሄ የአያቴ ይሁን” ብትዪ ሌላ ነገር ነው።

ጉርሻ ይመጣል። አክስት “በሞቴ” ትላለች። እጇን አትግፊ፣ ፊትሽንም አታዙሪ። “ከጎመኑ ያጉርሱኝ” በይና አፍሽን ክፈቺ። “ለምን?” ካሉሽ “ሥጋ ትቻለሁ፣ እንቁላሉ ግን አያመልጠኝም” ብለሽ እለፊው። ሰው እየበላ ስለ በጉ አታውሪ። የበጉ ነገር ልብሽን እንደነካው ይገባኛል፤ ርኅራኄሽን አከብረዋለሁ። ስለ እሱ መነጋገር የምትፈልጊ ከሆነ ግን ሌላ ቀን አለ። በጉ የሚታረድበት ሰዓት ላይ ከቤት መውጣት ከፈለግሽ ለአባትሽ አስቀድመሽ ንገሪው፣ ጎረቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን ሂጂ። ይህ መብትሽ ነው። ስለ አባትሽ ደብዳቤሽ ላይ በጉን ከመግዛቱ ሌላ አልጻፍሽም። ዝም ካለ ተቃወመኝ ብለሽ አትቁጠሪው፤ ብቻውን አግኝተሽ አናግሪው።

በዓሉ አልፎ ቤቱ ጸጥ ሲል የቋንጣውን ነገር አንሺ። ሳትጮሂ፣ ሳታለቅሺ፣ እንዲህ በያት፦ “እማዬ፣ ቋንጣውን የጨመርሽው ደሜ እንዳያንስ አስበሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ከዚያ በኋላ የሠራሽውን ስበላ እየፈራሁ ነው። ያንቺን ምግብ መፍራት አልፈልግም። የሚያሳስብሽን ንገሪኝ፣ ሐኪምም ያለንን አብረን እናድርግ። ብቻ ደብቀሽ አትስጪኝ።” ቃላቱን እንዳንቺ አድርጊያቸው። መልሱ በአንድ ቀን ላይመጣ ይችላል። ብታኮርፍ እንኳ ማታ ከማዕዱ አትነሺ።

አሁን ለእናትሽ ሁለት ቃል። ከፈቀደች ይህን አንብቢላት።

እመቤቴ፣ ልጅዎ እርስዎን አልናቀችም። አንድ ሳምንት ሣር ያበላችው በግ አሳዝኗት ነው የጀመረችው፤ ደግ ልብ አላት፣ ያሳደጓትም እርስዎ ነዎት። ስለ ደሟ መስጋትዎ ተገቢ ነው፤ በዚህ ወደ ኋላ አይበሉ። ይዘዋት ጤና ጣቢያ ይሂዱ፣ ውጤቱን አብረው ይስሙ፣ ከፋሲካ በኋላም አንዴ ደግመው ያስመርምሯት። በግድ ሊያበሏት ከሞከሩ ወይ ደብቃ መድፋት ትለምዳለች፣ ወይ ከቤት መብላት ታቆማለች፤ ያኔ ምን በልታ እንደዋለች እንኳ አያውቁም። አሁን ግን አጠገብዎ ናት፣ ሽሮዎን ትወደዋለች፣ ሽንኩርቱንም ልትልጥልዎ ነው። ምስሩን ጠንከር አድርገው ይሥሩላት፣ ጠዋት ወተቷን አይርሱባት። የገና ዕለትም ዶሮው ከመግባቱ በፊት ከቁሌቱ ትንሽ ይቀንሱላት።